ለኩባንያ ጋብቻ የሄዱ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት ከእኔ ጋር የምትኖረው የእህቴ ልጅ ማህሌት ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ሶፋው ላይ ዘፍ አለችና፣ «ጋሼ፣ ልንሸጥ ነው መሰለኝ» አለችኝ።

«እናንተን ደግሞ ማን ይገዛችኋል?»

«አይ፣ ማለቴ፣ ከሌላ ካምፓኒ ጋር ልንዋሃድ ነው። መንግሥት ገና እየመረመረው ነው አሉ። ያልፋል የሚል አለ፣ አያልፍም የሚል አለ። ዛሬ ማናጀራችን ከስብሰባ ስትወጣ ፊቷን ብታየው! በቃ፣ አልቆልናል።»

ማህሌት የምትሠራው መስቀል ፍላወር አካባቢ፣ የስልክ መተግበሪያ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ ተቆጣች። ያሳቀኝ ግን ጭንቀቷ አልነበረም፤ የማናጀሯ ፊት ነው። እኛም በእሷ ዕድሜ ሳለን የአለቃችንን ፊት እንደ ጋዜጣ ነበር የምናነበው። እራት ስንበላ እሷ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል ከባልደረቦቿ ጋር ስትጻጻፍ አመሸች፤ እኔ ደግሞ ለብዙ ጊዜ ያላሰብኩትን አንድ ክረምት ሳስብ አመሸሁ።

በማግስቱ ለጉዳይ ወደ ካዛንቺስ ወጣሁ። ሰፈሩ እንደምታውቁት የድሮው አይደለም። ጠባቦቹ መግቢያዎች የሉም፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ ድሮ እርጥብ የምንበላባት ጥግ የቱ ጋ እንደነበረች ለማወቅ ቆሜ ዙሪያዬን መቃኘት ነበረብኝ። እርጥብ ለማያውቅ ልንገረው፤ ዳቦ ተሰንጥቆ የተቀቀለ ድንችና ቃሪያ የሚታጨቅበት፣ ቆመው የሚበሉት፣ ቆመውም የሚያወሩበት ምግብ ነው። የእኛ ቢሮ የነበረበት ፎቅ ግን አልተነካም። ቀለሙን ቀይረውለት፣ መስታወቱን አጥበውለት፣ አዲስ ሰው መስሎ ቆሟል።

ያኔ በዚያ ፎቅ ላይ ለቁጠባና ብድር ማኅበራት የሒሳብ ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። ድርጅታችን ትንሽ ነው፤ ሁላችንም እንተዋወቃለን፤ ምሳ አንዱ ያመጣውን ሌላው ይበላል። አንድ ቀን በሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሥራ አስኪያጃችን ሰበሰበንና ከሌላ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ጋር ለመዋሃድ ስምምነት ላይ መደረሱን፣ የንግድ ውድድርን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ጉዳዩን መርምሮ እስኪፈቅድ ድረስ ግን ምንም የሚለወጥ ነገር እንደሌለ ነገረን። «ተረጋግታችሁ ሥራችሁን ሥሩ» ብሎ ዘጋው። ከዚያች ቃል በኋላ ማንም ተረጋግቶ ሥራውን የሠራ የለም።

ወሬው እንዴት እንደሚፈላ ማህሌት ብታይ የዛሬውን ትንቅ ነበር። የእንግዳ መቀበያዋ ኤልሳ ዋና የዜና ምንጫችን ነበረች። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ጠበቃው ሲገባ ቦርሳው ወፍሮ ነበር ወይስ ከስቶ፣ ሁሉንም እሷ ታያለች። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ለቢሮው አዲስ መጋረጃ አሰፋ። «ሊሄድ ያሰበ ሰው መጋረጃ ያሰፋል እንዴ?» አለች ኤልሳ፤ ሁላችንም ደስ ብሎን ዋልን። በሳምንቱ የመታጠቢያ ቤቱ ሳሙና አልቆ ሳይተካ ቀረ፤ ያን ቀን ደግሞ ሁላችንም የሥራ ልምድ ማስረጃችንን ማስተካከል ጀመርን። ከፎቁ ሥር ባለው ካፌ ማኪያቶ ይዘን ዝናቡ እስኪያባራ ስንጠብቅ፣ ያንኑ ወሬ አንዱ ከሌላው ተቀብሎ ጥቂት ጨምሮበት ይመልሰዋል። ጠዋት እኔ የተናገርኩት ከሰዓት በኋላ «ከታማኝ ምንጭ» ተብሎ ወደ እኔው ይመጣል።

ወሬው ሁለት መልክ ነበረው። ምርመራው ካለፈና ከተዋሃድን፣ ትልቁ ኩባንያ የራሱ የደንበኞች ድጋፍ ክፍል ስላለው የእኛውን ይበትነዋል ተባለ። ካላለፈ ደግሞ ድርጅታችን ብቻውን መቆም ስለማይችል ይዘጋል ተባለ። እንግዲህ የድጋፍ ክፍል ሠራተኛ የሆነ ሰው ለየትኛው እንደሚጸልይ ግራ ይገባዋል። የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ጓደኛዬ ሰኢድ ነበር።

ሰኢድ ለዚያ ሥራ የተፈጠረ ሰው ነው። አንዲት የማኅበር ገንዘብ ያዥ ከሩቅ ከተማ ደውላ ኮምፒውተሩ ሞተብኝ ብላ ስታለቅስ፣ «አብሽሪ እናቴ፣ አልሞተም። መጀመሪያ ሶኬቱ መሰካቱን እዪልኝ» ይላታል። ሶኬቱ ተነቅሎ ቢገኝ እንኳ አይስቅባትም። «የእኔም እንደዚሁ ያደርገኛል» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። እኔ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ሶፍትዌሩን እጽፋለሁ፤ ሰኢድ ግን ሶፍትዌሩ በሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያውቃል። በየከተማው እየዞረ ይተክላል፣ ያስተምራል፣ ማር ወይም በቆሎ እሸት ተሸክሞ ይመለሳል።

አባቱ ሐጂ እንድሪስ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ሜክሲኮ አካባቢ የብርድ ልብስና የአንሶላ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው። እኔ ላንቻ ባለው ግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር፤ ከሰኢድም የተዋወቅነው እዚያው ነው፤ ወደ ድርጅቱ ያስገባኝም እሱ ነው። ሐጂ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። የልጃቸው ሥራ ፈጽሞ አይገባቸውም። ሶፍትዌር የሚለው ቃል አፋቸው ላይ አልቀመጥ ስላላቸው «ሶፍት ቤቱ እንዴት ነው?» ነበር የሚሉት። ሜክሲኮ ያሉ ጎረቤት ነጋዴዎች ሰኢድ የሽንት ቤት ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ነበር የሚመስላቸው። ሐጂ ብቸኛው ወንድ ልጃቸው ሱቁን እንዲረከብ ይፈልጋሉ፤ ሰኢድ አይፈልግም። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ አንድ ነገር ላይ ተስማምተው ነበር። «ያ ቤት እስከቆመ ድረስ አልነካህም። የወደቀ ቀን ግን ሱቁ ይጠብቅሃል፤ ያኔ ምክንያት አልሰማም» ብለውታል። ሰኢድም ቃሉን ሰጥቷል። ስለዚህ ለእኛ ወሬ የነበረው ነገር ለእሱ ወሬ ብቻ አልነበረም።

አንድ ቀን ኤልሳ ትልቁን ዜና ይዛ መጣች። የአክስቷ ልጅ በሆነ መንገድ እንደሰማው፣ መዝገባችን ያለው ወይዘሮ ጽጌ በምትባል አንዲት መርማሪ እጅ ነው፤ እሷ ካልፈረመች ምንም አይንቀሳቀስም፤ ሴትዮዋ ደግሞ በጣም ክር የሆነች፣ ከሕግ ፍንክች የማትል ናት፤ የምትኖረውም ላንቻ ነው። ሰኢድ ያን ምሽት እራት ላይ ይህን ለአባቱ እየሳቀ ነገራቸው። «ዕጣ ፈንታዬ ጎረቤታችን ናት አባ» አላቸው። እኔም እዚያው ነበርኩ። ሐጂ አልሳቁም። እጃቸውን ታጠቡና፣ «የማን ልጅ ናት?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ሰኢድ አያውቅም ነበር። ወሬው በዚሁ ተቋረጠ፤ በማግስቱ ሰኢድ ለሥራ ወደ ሐዋሳ ሄደ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ብሎ የግቢው ጭቃ ገና ሳይደርቅ፣ ሐጂ በሬን አንኳኩ። ነጭ ጀለቢያቸው ላይ ኮት ደርበዋል፤ ጥምጣማቸውን አሳምረዋል። ከኋላቸው የዕድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ መኮንን ጋቢ ለብሰው ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ብርሃኑ ልጄ፣ ተነስ። አንዲት ጎረቤት ጠይቀን እንምጣ» አሉኝ።

የታመመች ሰው ያለች መሰለኝ። ጃኬቴን ለብሼ ተከተልኳቸው። በመንገድ ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ዝናቡና ስለ እህል ዋጋ እያወሩ፣ ጭቃውን በድንጋይ በድንጋይ እየተሻገሩ ሄዱ። ሐጂ ጉልበታቸውን ያማቸዋልና በየመሀሉ ቆም ይላሉ። አረንጓዴ የብረት በር ጋ ስንደርስ ነው ጋሽ መኮንን ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አንተ ጉዳዩን የምታውቅ ስለሆንክ ከተጠየቅህ ታስረዳለህ» ያሉኝ።

«የምን ጉዳይ ጋሽ መኮንን?»

«የሶፍት ቤቱን ነዋ!» አሉ ሐጂ።

የመጣንበት ያኔ ገባኝ። ልመልሳቸው ብል በሩ ተከፍቷል። ወይዘሮ ጽጌ ራሳቸው ናቸው የከፈቱት፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጋሽ መኮንንን ከዕድር ያውቋቸዋልና ፊታቸው በፈገግታ ተሞላ። «ግቡ፣ ግቡ አባቶቼ፣ ምን እግር ጣላችሁ?» እያሉ ወደ ሳሎን አስገቡን። ወሬው ክር ያላቸው ሴትዮ አጭር፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ፣ መነጽራቸው በአንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሴት ነበሩ።

«ተቀመጡ እንጂ!»

አልተቀመጡም። ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሽማግሌ ለጋብቻ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ የቀረበለትንም አይቀምስም። ሐጂ ከሶፋው ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ጋሽ መኮንን በከዘራቸው ተደግፈው አጠገባቸው ቆሙ። እኔ ከበሩ ሥር ግድግዳውን ተለጥፌ ቆምኩ።

«እኛ የመጣነው የልጅ ጉዳይ ይዘን ነው» ብለው ጀመሩ ሐጂ። እንደዚያ ብዙ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። «ሁለት ቤቶች አሉ። ተፈላልገዋል፣ ተዋደዋል፣ አንድ እንሁን ብለዋል። የኔ ልጅ ከአንደኛው ቤት እንጀራውን ይበላል። አንቺ ደግሞ መሀል ላይ ያለሽ ሰው ነሽ አሉ። ክፉ ሰው ነሽ ብለን አልመጣንም፤ ሰፈሩ ጥሩ ይላል ስለ አንቺ። ግን ሁለቱ ከተፈቃቀዱ ምን ይከለክላቸዋል? ወላሂ፣ እኔ ለራሴ ማንንም ለምኜ አላውቅም። ሱቄ ሲቃጠልም አለመንኩም። ዛሬ ግን ቃልሽን ሳትሰጪን አንቀመጥም።»

የወይዘሮ ጽጌ ፈገግታ ቀስ በቀስ ከፊታቸው ሲወርድ አየሁ። ቁጣ ግን አልነበረም። በጣም ያዘኑ ነው የመሰለኝ።

«ሐጂ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባቶቼ ቆመው እኔ ምን እናገራለሁ? ስለ እግዚአብሔር ተቀመጡ።»

ሐጂና ጋሽ መኮንን ተያዩ። ተቀመጡ። ሐጂ ጉልበታቸውን ሲያጥፉ ፊታቸው በሕመም ሲኮማተር ታየኝ፤ ዓይናቸው ውስጥ ግን ብርሃን ነበር። እሳቸው በሚያውቁት ሥርዓት ጉዳዩ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

«ትዳር ቢሆን ሁለቱን ሰዎች ነው የሚመለከተው» አሉ ወይዘሮ ጽጌ። «ይኼ ግን ሌላውንም ሰው ሁሉ ይመለከታል። እንዲያው ሐጂ፣ ሜክሲኮ ላይ ብርድ ልብስ የሚሸጡት ሁሉ ተዋህደው አንድ ሱቅ ብቻ ቢቀር፣ ድሃው በስንት ይገዛል?»

ሐጂ አሰቡ። «እሱስ እውነት ነው» አሉ። «ያማ ከሆነ እኔም ራሴ አስወድደዋለሁ።»

ጋሽ መኮንን ሳቁ፤ ወይዘሮ ጽጌም ሳይወዱ ሳቁ፤ እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ጉዳዩን ዳግመኛ አላነሱም። ሐጂ የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበሉ ያውቃሉና ድፎ ዳቦ ቆርሰው፣ ሽሮና ጎመን አቅርበው፣ ሻይ ቀድተው፣ «ቤቴ ገብታችሁ ሳትቀምሱ ከወጣችሁ እኔ ምን ሰው ነኝ?» ብለው ለመኑ። ሽማግሌዎቹ እንደገና ተያዩ፤ በሉ። በእነሱ ሕግ የበላ ሽማግሌ ተሳክቶለታል። ስንወጣ ደግሞ ወይዘሮ ጽጌ ተንጠራርተው የሐጂን ትከሻ ሳሙ። ከዚህ በላይ ምን ምልክት አለ!

ሽማግሌዎቹ በዝግታ ወደ በሩ ሲያዘግሙ ወይዘሮ ጽጌ ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ አስቀሩኝ።

«ወንድሜ፣ አንተ የተማርክ ልጅ ነህና ስማኝ። ማን እንደላካቸው አልጠይቅም። እኔ ግን ነገ ጠዋት ይኼን ለኃላፊዬ አሳውቄ ከመዝገቡ እወጣለሁ። ግዴታዬ ነው። ሌላ ሰው እንደ አዲስ ይጀምረዋል፤ ድርጅታችሁም ማብራሪያ መጠየቁ አይቀርም።»

«እሳቸው እኮ በቅንነት ነው የመጡት» አልኳቸው።

«ይጠፋኛል? ለዚህ ነው ፊታቸው ላይ ያልነገርኳቸው። አንተም አትንገራቸው።»

መንገድ ላይ ሐጂ እንደ ወጣት ነበር የሚራመዱት። «ገር ሴት ናት ማሻአላህ» ይላሉ። «ስሟን አጥፍተውባት ነው እንጂ።» ጋሽ መኮንንም፣ «ትከሻ ስማ ሸኝታን!» ይላሉ። ላንቻ ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ሐጂ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዝተው አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ተቀብዬ ያዝኩት፤ አልበላሁትም።

ሰኢድ ሰኞ ከሐዋሳ ተመለሰ። እርጥብ የምንበላባት ጥግ ቆመን ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ «አንድ እንሁን ብለዋል» የሚለው ጋ ስደርስ ከት ብሎ ሳቀ። የወይዘሮ ጽጌን ቃል ስነግረው ሳቁ ቆመ። ዳቦውን በወረቀቱ መልሶ ጠቀለለ።

«አባ ቆመው ነበር?» አለኝ።

«ቆመው ነበር።»

«ጉልበታቸውን እያመማቸው?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ሥራዬን የሚጠሉት ይመስለኝ ነበር» አለ።

ስለ መዝገቡ፣ ስለ ድርጅቱ፣ ስለ ራሱ ምንም አላለም።

ሳምንቱ ሳያልቅ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ጥያቄው መጣ። ኤልሳ ከማንም ቀድማ ሰምታለችና በአንድ ጠዋት ፎቁ በሙሉ ታመሰ። ድርጅቱ መርማሪዋ ቤት ሽማግሌ ልኳል፤ ማን ላከ? ሥራ አስኪያጁ ነው የሚል ነበር። ጠበቃው ነው የሚልም ነበር። ከተወዳዳሪዎቻችን አንዱ ሊያበላሽብን ያቀናበረው ነው ያለም አልጠፋም። ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበን። በዚያች ሰዓት ፊቱን ለማንበብ ማንም አልተቸገረም።

«እኔ አልላክሁም» አለ። «ማን እንደላከ ካልታወቀ ግን እኛ እንደላክን ይቆጠራል። ያኔ ውህደቱም ይቀራል፣ የእኛም ነገር ያከትማል። የሚያውቅ ሰው ካለ በሬ ክፍት ነው።»

ሰው ሁሉ ጎን ለጎን ተያየ። እኔ ሰኢድን ላለማየት ጣሪያውን አየሁ። ስብሰባው ሲበተን እሱ ወደ ጠረጴዛው አልሄደም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ። ሲወጣ ደረጃው ላይ አገኘሁት።

«ምን አልከው?»

«እኔ ነኝ የላክኋቸው አልኩት። ሽማግሌዎቹ ምንም አያውቁም፣ እኔ ለምኛቸው ነው የሄዱት አልኩት። አብረን ሄደን መሥሪያ ቤቱም ዘንድ ይኼንኑ እናገራለሁ።»

«ሰኢድ! አንተ እኮ ሐዋሳ ነበርክ!»

«ታዲያ ምን ልበል? ሐጂ እንድሪስን ጠርታችሁ ጠይቁልኝ ልበል? በዚህ ዕድሜያቸው አንድ ወጣት ባለሥልጣን ፊት ቆመው ሕግ ጥሰሃል ሊባሉ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብርሃኑ፣ ይኼ ነገር ካንተም ከእኔም አይወጣም። ቃል ግባልኝ።»

ቃል ገባሁለት። ከሥራ እንዲለቅ ተደረገ፤ ድርጅቱ ርምጃ መውሰዱን ማሳየት ነበረበት። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ስለነበር ለእኛ በፈቃዱ እንደለቀቀ ብቻ ነገረን። ፎቁ ግን ክፍተት አይወድም። ሰኢድ ሚስጥር ለተወዳዳሪ ሸጦ ነው ተባለ። ሌላ ቦታ በእጥፍ ደመወዝ ተጠርቶ ነው ተባለ። ትናንት በእጁ ያመጣውን ማር የላሱ ሰዎች ናቸው ይህን ሲያወሩ የነበሩት። እኔ ማኪያቶዬን እያማሰልኩ ዝም እል ነበር። በጣም ያናድደኝ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን የቤቱ ነው። ያን ምሽት ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድበው ነበር፤ የሐጂ ድምፅ ግን ከዝናቡ በላይ ተሰማኝ። ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ።

«ለቀቅሁ ስትል ምን ማለትህ ነው? ማነው ያባረረህ?»

«ማንም አላባረረኝም አባ። ሰለቸኝ። ሱቁን ልያዝ።»

«ሰለቸኝ! ቤቱ ሊወድቅ ነው ስትል ጊዜ እኔ የሰው ሳሎን ቆሜ ለምኜልሃለሁ! እኔ እንድሪስ! ሴትዮዋም እሺ ብላ፣ አብልታ፣ ትከሻዬን ስማ ሸኝታኛለች። አሁን ሊሳካልህ ሲል ሰለቸኝ ትላለህ?»

«አውቃለሁ አባ። ብርሃኑ ነግሮኛል። አላህ ይስጥልኝ።»

«ምስጋናህ ምን ይሠራልኛል! ለማይረባ ልጅ ነው ለካ የቆምኩት!»

አፌን ከፍቼ አንድ እግሬን ወደ ውስጥ አስገባሁ። ሰኢድ በአባቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ። በዓይኑ ብቻ ነው የመለሰኝ። ወደ ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሃያ ምናምን ዓመት የሞላኝ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ከዚያ በፊት ለሌላ ሰው ብዬ ያለቀስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ምርመራው ተራዝሞ ተራዝሞ አደይ አበባ ወጥቶ ከደረቀ በኋላ ተፈቀደ፤ ተዋሃድን። የድጋፍ ክፍሉ ይበተናል የተባለው ወሬም ውሸት ሆኖ ተገኘ፤ ትልቁ ኩባንያ እንደ እኛው ያለ ክፍል አልነበረውም፤ እንዲያውም ሰው ተጨመረበት። ሰኢድ ይህን ስነግረው አንሶላ እያጠፈ ነበር። «ጥሩ ነው» አለና ማጠፉን ቀጠለ። ሐጂ ግን ውህደቱ መፈቀዱን ሲሰሙ ሜክሲኮ ላሉ ነጋዴዎች ሁሉ ሻይ ጋበዙ። «ያቺ ሴት በቃሏ ጸናች» አሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ፣ በየበዓሉ ቤታቸው ለሄደ እንግዳ፣ ሁለት ታላላቅ ኩባንያዎችን እንዴት እንዳጋቡ ይተርኩ ነበር። ታሪኩ ሲያልቅ ወደ ሰኢድ እያዩ፣ «ይኼ ልጅ ግን ዕድሉን ረገጠው» ይላሉ። ሰኢድም «እውነትዎን ነው አባ» ይላል።

ሐጂ ያረፉት ካቻምና ነው። ድንኳኑ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠናል፤ ጋሽ መኮንን በጣም አርጅተው ነበር፤ ያም ሆኖ ከዘራቸውን ይዘው መጥተው ያንኑ ታሪክ አነሱ። እንዴት እንደቆሙ፣ እንዴት እንደተቀመጡ፣ ሐጂ ምን እንደተናገሩ። ለቀስተኛው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። መጨረሻ ላይ፣ «ምን ያደርጋል፣ ልጁ አልተጠቀመበትም» አሉ። ሰዉ ዞር ብሎ ሰኢድን አየው። ጢሙ ሸብቷል። «እውነት ነው ጋሽ መኮንን፣ አልተጠቀምኩበትም» አለ።

ሰው ሲሳሳ አጠገቡ ሄድኩ። «ይበቃል ሰኢድ» አልኩት። «እሳቸው እንደሆኑ ከእንግዲህ አይሰሙም። ለምን አትናገርም?»

«እኔ እሰማለኋ» አለኝ።

ዛሬ ጋሽ መኮንንም የሉም። ይህን ልጽፍ ስነሳ ሰኢድን አስፈቀድኩት። «ስማችንን ቀይረህ ጻፈው፤ አባን ግን አሳምረህ ጻፋቸው» አለኝ። ለማህሌትም በዚያው ሰሞን ነገርኳት። ስልኳን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ሥራው ግን አይቆጨውም?» አለችኝ። ይቆጨዋል፤ ራሱ ነግሮኛል። አሁንም ስልክ የተበላሸበት፣ ኮምፒውተር የቆመበት የሜክሲኮ ነጋዴ ሁሉ ወደ እሱ ሱቅ ነው የሚሄደው፤ ብርድ ልብሱን ወደ ጎን አድርጎ በደስታ ነው የሚያይላቸው። ያን ሥራ ይወድ ነበር።

የማህሌት መሥሪያ ቤት ነገር ገና አልለየለትም። በየምሽቱ አዲስ ወሬ ይዛ ትመጣለች፤ እኔም እሰማታለሁ፣ አንዳንዴም እስቃለሁ። ውህደት፣ ምርመራ፣ ፈቃድ የሚሉት ቃላት ለሌላ ሰው የቢሮ ቃላት ይሆናሉ። እኔ ግን በሰማኋቸው ቁጥር አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ነው የሚታየኝ። ጉልበቱን እያመመው በማያውቀው ሰው ሳሎን መሀል ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ስሙን እንኳ አስተካክሎ የማይጠራውን ሥራ ለልጁ ይለምናል።